የአገልግሉ ስንዴ

ባቡሩ ፍራንክፈርት ካለው ሆክስት ጣቢያ ሲነሣ አረጋሽ ጠርሙሶቹ ያሉበትን ቦርሳ በሁለት ጉልበቶቿ መካከል አጥብቃ ያዘች። ሦስት ናቸው። በመካከላቸው ፎጣ ጠቅልላለች፤ ያም ሆኖ ባቡሩ በተንገጫገጨ ቁጥር የተጋጩ ይመስላትና ትንፋሿን ትይዛለች። አንዱ ቢሰበር ሁሉም ነገር ያበቃል። ሰው ቢገፋት፣ ተቆጣጣሪ መጥቶ ቦርሳውን ክፈቺ ቢላት፣ ባቡሩ ዋሻው ውስጥ ቢቆም። ከኡንተርሊደርባህ ቤቷ ከወጣችበት ጊዜ ጀምሮ ሊበላሹ የሚችሉትን ነገሮች በልቧ ስትደረድር ነበር፤ ገና አላለቁላትም።

ቀኑ እሑድ፣ ሰኔ 11 ቀን 2015 ዓ.ም. ነበር። የሰኔ ሚካኤል ማኅበር በዚያ ቀን ሪድበርግ፣ በወይዘሮ ውብነሽ ቤት ይጠጣል። አረጋሽ አልተጠራችም። ሐሙስ ዕለት የማኅበሩ ሙሴ አቶ ሰይፈ ገብርኤል በስልክ የላኩላት ይህን ብቻ ነው፦ «ወይዘሮ አረጋሽ፣ ስምሽ ይቀጥል ወይም ይሰረዝ የሚለውን እሑድ ማኅበሩ ይቆርጣል። የምትዪው ካለሽ በጽሑፍ ላኪ።»

ጽሑፍ አልላከችም። ጠርሙሶቿን ይዛ ወጣች።

ማኅበሩን የመሠረቱት በ1976 ዓ.ም. ከአገር ተሰደው ፍራንክፈርት የገቡ ተማሪዎች ናቸው። ዐሥራ ሁለት ቤት ነው። በየወሩ አንዱ ቤት ይደግሳል፤ ጽዋው ከዚያ ወደ ቀጣዩ ቤት ይሻገራል። የሚሻገርበትን አገልግል የማኅበሩ ታላቅ እማማ ዕንቁ ያን ጊዜ በአውሮፕላን ጭናቸው ላይ አድርገው ነው ያመጡት። ቆዳው ጠቁሮ ያብረቀርቃል፤ ጠፍሩ ሦስት ጊዜ ተለውጧል። በውስጡ የሸክላው ጽዋ አለ። ከጽዋው ሥር ደግሞ ከአገር ቤት፣ ከሚካኤል ደጅ የመጣ ስንዴ የያዘ ቀይ የከፋይ ከረጢት አለ። እያንዳንዱ ተረካቢ ከቤቱ አንድ ቁንጥር ስንዴ ይጨምርበታል። ሲሞላ ከላይ ተዘግኖ ለወፍ ይበተናል፤ የታችኛው ግን አይነካም። ከረጢቱ አይራገፍም፣ አይታጠብም። በረከቱ ይወጣል ተብሎ አፉ እንኳ ከሁለት ጣት በላይ አይከፈትም።

አባል ሲሞት አስከሬኑን የሚሸኘው፣ ጀርመኖቹ የሚጠይቁትን ወረቀት ሁሉ የሚሞላው፣ ድንኳን የሌለበትን ለቅሶ ለቅሶ የሚያስመስለው ይኸው ማኅበር ነው። አረጋሽን ያስፈራት ያለ ማኅበር መሞት ነበር። መሀል ከተማው ውስጥ ባለ አንድ ሆቴል ክፍል ታጸዳለች። ከአራት ዓመት በፊት አንዱን በር ከፍታ ሽማግሌ እንግዳ ሞተው አግኝታለች። «አትረብሹ» የሚለው ካርድ ለሁለት ቀን በሩ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር። ከዚያ ወዲህ የራሷን ቤት በር በቆለፈች ቁጥር ያ ካርድ በውጭ በኩል የተንጠለጠለ ይመስላታል።

ባሏ በሪሁን የሞተው ሚያዝያ 2012 ዓ.ም. ነው፤ ወረርሽኙ በገባ በሁለተኛው ወር። መቃብሩ ዘንድ የተፈቀደው ለዐሥር ሰው ነበር፤ እነሱም ተራርቀው ቆሙ። አርባው ቀን ሲደርስ አዳራሽ የሚያከራይ አልነበረም። ሲያልፍ አወጣለታለሁ አለች። ሲያልፍ ደግሞ ዘገየሁ ብላ አፈረች። እንዲህ እያለ ሦስት ዓመት ሆነው፤ ተዝካሩም ሳይወጣ ቀረ።

ያለፈው ኅዳር ተራው የእሷ ነበር። ድፎውን ቅዳሜ ጋገረች፣ በነጭ ጨርቅ ሸፈነች፣ ከአገልግሉ አጠገብ አሳደረችው። እሑድ ጸሎቱ ደርሶ ሁሉም እንደቆመ ሙሴው ጨርቁን ገለጡት። ነጫጭ ትሎች ዳቦው ላይ ይሳቡ ነበር፤ አራት ወይም አምስት። አንዱ ራሱን ቀና አድርጎ ወዲያና ወዲህ ይል ነበር፣ መንገድ እንደጠፋው ሰው።

እማማ ዕንቁ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳብ አደረጉ።

«አዬ ልጄ፣» አሉ። «ተዝካሩ ያልወጣ ሙት ያለበት ቤት እህሉ ትል ያፈላል። እናቶቻችን ሲሉ ሰምተናል።»

ከዚያ ቀን በኋላ ክፉ የተናገራት አልነበረም። የከፋውም ይኸው ነው። በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ራስ ዝቅ ይደረግላታል፣ «ቸኩዬ ነው» ይባላል፣ ያልፋል። ጥር ላይ ጉንፋን አሥራ አንድ ቀን አስተኛት፤ ስልኳ የጮኸው ከሥራ ቦታዋ ብቻ ነው። ሃምቡርግ የምትማረው ልጇ ኤልሳቤጥ በስልክ ሳቀችባት። «ማማ፣ ጀርመኖቹ ‹ሞተን› የሚሏቸው እኮ ናቸው። የዱቄት ብል። ሳሙና የምትገዢበት ድሮገሪ ወጥመድ ይሸጣል። አለስ ጉት፣ ምንም አይደለም!» ወጥመዱን ገዛች። ወጥመዱ ግራጫዎቹን የብል ቢራቢሮዎች ያዘ። እርግማኑን ግን ወጥመድ እንደማይዘው ታውቅ ነበር፤ ምክንያቱም እማማ ዕንቁ ያሉትን አምናለች። ከማኅበሩ ሰው ሁሉ ይልቅ ያመነችው እሷ ነበረች። ዱቄት ውስጥ ትል ባየች ቁጥር ቁጭ ትልና «በሪሁን፣ ይቅር በለኝ» ትላለች።

ሃውፕትቫኸ ጣቢያ ላይ ከባቡሩ ወረደች። ወደ ሪድበርግ የሚሄደውን የምድር ውስጥ ባቡር፣ ኡ-አኽትን ለመያዝ ደረጃውን ቦርሳውን በሁለት እጇ አቅፋ ወረደች። ዘጠኝ ደቂቃ ይቀረዋል ይላል ሰሌዳው። ከግድግዳው ተጠግታ ቆመች፣ ማንም ከኋላ እንዳይመጣባት።

አቶ ተክለ ማርያም በሯን ሊያንኳኩ የመጡት ሚያዝያ መጨረሻ ላይ ነው። ከእሷ ሁለት መንገድ አልፎ ይኖራሉ። ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው፤ ኬሚካል ፋብሪካ ውስጥ ሠላሳ አንድ ዓመት በላቦራቶሪ ሠራተኝነት ሠርተው ጡረታ ወጥተዋል። ከማኅበሩ በ1981 ዓ.ም. በድሮ ፖለቲካ ተጣልተው ከወጡ ወዲህ ከአንዱም ጋር አይነጋገሩም።

«ቤትሽ ትል ያፈላል ይላሉ፣» አሉ፣ ገና ኮታቸውን ሳያወልቁ። «እውነት ነው?»

«እውነት ነው ጋሽ ተክሌ።»

«ሲፈላ አየሽው ወይስ ፈልቶ አገኘሽው?»

«ምን ልዩነት አለው?»

«ልዩነቱማ ሁለት ሺህ ዓመት ነው፣» አሉና ወንበር ሳቡ።

ውሃ ሰጠቻቸው። እስከ መጨረሻው ጠጡት፤ ከኅዳር ወዲህ በዚያ ቤት ውሃ የጠጣ የመጀመሪያው ሰው ነበሩ። ከዚያም የዓለም ሊቃውንት ሁሉ ትል ከሥጋ፣ አይጥ ከእህል፣ እንቁራሪት ከጭቃ ራሱ ይወለዳል ብለው ሲያስተምሩ መኖራቸውን ነገሯት። «እኛስ ቅማል ከሐሳብ ይፈላል ሲሉን አይደል ያደግነው?» አሉ። «የዛሬ ሦስት መቶ ሃምሳ ዓመት ግድም አንድ የጣሊያን ሐኪም ሥጋ በብርጭቆ ውስጥ አደረገ። አንዱን ክፍት ተወው፣ ሌላውን በስስ ጨርቅ ሸፈነው። ክፍቱ ተላ። የተሸፈነው ከውስጥ ንጹሕ ሆነ፤ ዝንቦቹ የጣሉት ዕንቁላል ጨርቁ ላይ ቀረ። በቃ፣ ይኸው ነው። ሁለት ሺህ ዓመት በአንድ ክንድ ጨርቅ ፈረሰ። አንዳንዶቹ ግን በዓይን ለማይታየው ረቂቅ ሕይወት እምነቱን አልለቀቁትም። ሁለት መቶ ዓመት ቆይቶ አንድ ፈረንሳዊ መጣና መረቅ አፈላ፣ አንገቱ እንደ ዝይ አንገት በተጠማዘዘ ጠርሙስ። አየር ይገባል፤ አቧራው ግን አንገቱ ላይ ይቀራል። መረቁ ሳይበላሽ ተቀመጠ። ሕይወት ከሕይወት ነው የሚመጣው፣ አረጋሽ። ሁልጊዜ የጣለው አለ።»

«ያ ሥጋ ነው። መረቅ ነው። የኔ እርግማን ነው።»

«ደህና። እርግማን ክዳን አይከለክለውም፤ ቢራቢሮን ግን ክዳን ይከለክላታል። ሦስት ባለ ጎማ ክዳን ጠርሙስ አለሽ?»

ነበራት። ዱቄቱን ከራሷ ቤት አወጡ፤ ውስጡ ያለ ነገር ካለ እንዲሞት በምድጃ ሰማንያ ዲግሪ አንድ ሰዓት አቆዩት። የመጀመሪያውን ጠርሙስ ከደኑት። ሦስተኛውን ክፍት ተዉት። ለሁለተኛው ስስ ጨርቅ ሲሉ አረጋሽ ቁም ሣጥኗን ከፈተችና ለበሪሁን ለቅሶ የለበሰችውን ነጠላ አመጣች። ከጫፉ ቀደደች፣ አራት እጥፍ አደረገች፣ በላስቲክ አሰረችው።

«በአንዱም ባይወጣስ?» አለች።

«ስድስት ሳምንት አባከንን።»

«በሦስቱም ቢወጣስ?»

ሽማግሌው ጠርሙሶቹን አዩ። «ያኔ እኔም ካንቺ ጋር ተዝካር አወጣለሁ። ሙከራ ማለት መሸነፍ የሚቻልበት ነገር ነው። የማትሸነፊበት ከሆነ ሙከራ አይደለም፣ ወሬ ነው።»

ስድስት ሳምንት ሙሉ ከሥራ ስትመለስ ጫማዋን ሳታወልቅ ጠርሙሶቹን ታያለች። ክፍቱ በአራተኛው ሳምንት ድር አበጀ፣ በድሩ ውስጥ ትሎች ተንቀሳቀሱ። ከነጠላው በታች ያለው ዱቄት ነጭ እንደሆነ ቆየ፤ ነጠላው ላይ ግን ዓይን የማይሞሉ ትሎች ወጥተው፣ መግቢያ አጥተው ደርቀው ቀሩ። የተከደነው ምንም አልነበረበትም።

«እሺ፣ ትሉ ከቢራቢሮዋ ነው፣» አለች፣ ጠርሙሶቹን ሊያዩ ለመጡት ለአቶ ተክለ ማርያም።

«ቢራቢሮዋስ? ኅዳር ላይ ከውጭ ቤትሽ የገባው ምንድን ነው?»

ዱቄቱ ከዓመታት ጀምሮ ከምትገዛበት መደብር ነበር። ሩዙም፣ ምስሩም። አዲስ ነገር አልነበረም፤ ከአንድ ነገር በቀር። ስታስበው እጇ አፏ ላይ ሄደ። አቶ ተክለ ማርያም መስኮቱን ያዩ ነበር።

«እኔ አላልኩም፣» አሉ። «አንቺ ነሽ ያሰብሽው።»

«አብረን እንሂድ ጋሼ። ለብቻዬ አያምኑኝም።»

«እኔ ከሄድኩማ ክርክሩ ስለ ትል መሆኑ ይቀርና ስለ 1968ቱ ፖለቲካ ይሆናል። ብቻሽን ሂጂ። ጠርሙሶቹን አታነቃንቂ።»

ሪድበርግ ስትወርድ ፀሐዩ ከባድ ነበር። ሁሉም ሕንፃ አዲስ፣ ሁሉም ዛፍ ቀጭን ነው። በሰፈሩ ዩኒቨርሲቲ መስታወቶች ላይ ደመና ይሄዳል፤ መንገዱ ላይ ሰው የለም። ደወሉን ስትጫን ጠርሙሶቹ ደህና መሆናቸውን ለሃያኛ ጊዜ አየች።

ወይዘሮ ውብነሽ በሩን ከፈተች። «አረጋሽ!» አለች። ቀጥላ ወደ ውስጥ ዞር ብላ አየች። «ዛሬ... እኔ እኮ አልነገሩኝም።»

«አልነገርኳቸውም። ግቢ በይኝ።»

ውብነሽ ከበሩ ገለል አለች።

ጽዋው ገና አልተቀዳም። አገልግሉ በትንሽ ጠረጴዛ ላይ፣ በጥልፍ ጨርቅ መካከል ተቀምጧል። ጾመ ሐዋርያት ስለሆነ የቀረበው ሽሮና ምስር ነው። አቶ ሰይፈ ገብርኤል እንደ ወትሮው በከረቫታ ነበሩ። አረጋሽ ሰላም አለች፤ ወንበር የሳበላት የለም። ቆማ ጠርሙሶቹን አንድ በአንድ አወጣችና ከዳቦው ራቅ አድርጋ ደረደረቻቸው።

«ጃም ይዛልን መጣች እንዴ?» አለች ኪዳነምሕረት፣ የማኅበሩ ቀልደኛ። አንድ ሁለት ሰው ሳቀ። ሦስተኛውን ጠርሙስ ሲያዩ ሳቁ ቆመ።

የተለማመደችውን ሁሉ ረሳችው። ስለ ጣሊያኑ ሐኪም ልትነግራቸው ነበር፤ አልተናገረችም። «ይህ ዱቄት ከኔ ቤት ነው፣» አለች ብቻ። «ሦስቱም በኔ ቤት፣ በበሪሁን ፎቶግራፍ ሥር ነው ስድስት ሳምንት የቆዩት። ይህ ክፍት ነበር። ይህ በነጠላ ተሸፍኖ ነበር፤ ትሉ ነጠላው ላይ ነው፣ ተመልከቱ። ይህ ተከድኖ ነበር። በሪሁን ቢሆን ኖሮ ክዳን ያግደው ነበር?»

ጠርሙሶቹ ከእጅ ወደ እጅ ዞሩ። እማማ ዕንቁ መነጽራቸውን አደረጉና ነጠላዋን ረጅም ጊዜ አዩ።

«ይህን ያስተማረሽ ተክሌ ነው፣ አይደል?»

«አዎ እማማ።»

«ድሮም ነገር ሳይፈታ አያድርም እሱ፣» አሉ። ቁጣም አልነበረበትም፣ ፍቅርም አልነበረበትም።

ሙሴው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «መልካም፣ ወይዘሮ አረጋሽ። ትሉ ከቢራቢሮ ነው እንበል። ቢራቢሮዋ ግን ያንቺ ቤት ናት። የሌሎቻችን ቤት እንዲህ ያለ ነገር አልታየም።»

ይህን እንደሚሉ ታውቅ ነበር። በባቡሩም፣ ግድግዳውን ተደግፋም ይህንኑ ስትሰማ ነው የመጣችው። መልሱንም ታውቀዋለች።

«ኅዳር ላይ ከውጭ የገባብኝ አገልግሉ ብቻ ነው። ከረጢቱ ይከፈት።»

የሆነ ሰው «በስመ አብ» አለ። እማማ ዕንቁ በአንድ እጃቸው አገልግሉን ያዙ። «አይነካም! ሠላሳ ዘጠኝ ዓመት ያልተነካ በረከት ለአንቺ ዱቄት ተብሎ አይነካም!»

«እማማ፣ ንጹሕ ከሆነ ስሜን ሰርዙት። ይቅርታም አልጠይቅ። ስሞትም ማንም አይምጣ፤ ሬሳዬን ማዘጋጃ ቤቱ ያንሳው።»

ካለችው በኋላ ነው የሰማችው። እሷ፣ ለአራት ዓመት ስለምትሞትበት ቀን ብቻ ስታስብ የኖረች፣ በአፏ አውጥታ አስያዘችው። ከረጢቱ ንጹሕ ቢሆንስ? ንጹሕ እንደሚሆን በዚያች ቅጽበት እርግጠኛ ሆነች። የጠረጴዛውን ጠርዝ ያዘች።

እማማ ዕንቁ አገልግሉን ወደ ራሳቸው ሳቡ። «ያመጣሁት እኔ ነኝ፣» አሉ በመጨረሻ። «ከተፈታም እኔ እፈታዋለሁ። ሳህን አምጡ።»

ጽዋውን አንሥተው ለሙሴው ሰጡ። ቀዩን ከረጢት አወጡ፤ ክሩ አልፈታ አላቸው፣ በጥርሳቸው ሳቡት። ከዚያ ገለበጡት።

ስንዴው አልፈሰሰም። ተያይዞ፣ በግራጫ ድር ተገምዶ፣ እንደ አሮጌ ካልሲ ሳህኑ ላይ ወደቀ። በድሩ መካከል ባዶ ቅርፊቶች፣ የተቦረቦሩ ፍሬዎች፣ አንድ የሚንቀሳቀስ ነጭ ትል። ከመካከሉ አንዲት ግራጫ ቢራቢሮ ተነሥታ በሰዎቹ ጭንቅላት ላይ አለፈችና መጋረጃው ላይ አረፈች። ሁሉም በዓይናቸው ተከተሏት።

መጀመሪያ የተናገረችው ኪዳነምሕረት ናት፤ ቀልድ አልነበረበትም። «ታኅሣሥ ላይ... የኔም ሩዝ ተላ። ለእናቴ ቀብር ስላልሄድኩ መስሎኝ ነበር።»

«እኔ ትናንት፣» አለች ውብነሽ። «ሽሮውን በሙሉ። ጎረቤት እንዳያየኝ ጣቢያው አጠገብ ያለ ቆሻሻ ውስጥ ነው የጣልኩት። ለማንም አልተናገርኩም። ምን ሠርቼ ይሆን እያልኩ አለቀስኩ።»

ከጥግ ሌላ ሰው «ሚያዝያ» አለ። ሌላዋ ራሷን ነቀነቀች።

አቶ ሰይፈ ገብርኤል ጽዋውን በሁለት እጃቸው እንደያዙ ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ። «የካቲት፣» አሉ።

አረጋሽ ፊታቸውን በየተራ አየች። ታኅሣሥ፣ የካቲት፣ ሚያዝያ። እሷ አልጋ ላይ ወድቃ ስልኩን ስታይ፣ እነሱ በየቤታቸው በራቸውን ዘግተው ዱቄት ይነፉ ነበር። እያንዳንዱ ብቻውን። አንዱ ደውሎ «የኔም» ቢል ኖሮ።

«የኔ ስንዴ ነው ማለት ነው?» አሉ እማማ ዕንቁ። ድምፃቸው የሕፃን ሆኖ ነበር።

«የማን እንደሆነ አይታወቅም እማማ። ሁላችንም አንድ አንድ ቁንጥር ጨምረንበታል፣» አለች አረጋሽ።

እማማ ዕንቁ ስንዴው እንዳይጣል ለመኑ። አረጋሽ የምታውቀውን ነገረቻቸው፦ ሰማንያ ዲግሪ፣ አንድ ሰዓት። ሙሴው አቡነ ዘበሰማያት ደገሙና ሳህኑን ወደ ወጥ ቤት ተሸከሙ። ውብነሽ ምድጃው ፊት ተንበርክካ፣ ጣቷን የአየር ማራገቢያው ቁልፍ ላይ አድርጋ ዞር አለች።

«ኡምሉፍት ላድርገው ወይስ ያለ ኡምሉፍት?»

በዚያ ቀን ሁሉም አንድ ላይ የሳቁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። ወንበር ተሳበላት። ስለ ስሟ የተነሣ ነገር አልነበረም። ይቅርታ የጠየቃትም አልነበረም፤ ስትወጣ ግን ውብነሽ የዳቦ ቁራሽ በወረቀት ጠቅልላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችላት፣ ኪዳነምሕረትም እስከ ጣቢያው ሸኘቻት።

ቤቷ እንደደረሰች ለአቶ ተክለ ማርያም ደወለች።

«ነበረበት፣» አለች። «በየቤቱ ነበር።»

«ሆ...» አሉ ሽማግሌው። ቀጠል አድርገው፣ «ስለ እኔ የጠየቀ ነበር?»

«እማማ ዕንቁ። ድሮም ነገር ሳይፈታ አያድርም አሉ።»

«እንደሱ አሉ?» አሉ። «እሺ። ደህና ዋዪ ልጄ።»

አረጋሽ ጠርሙሶቹን ከቦርሳው አወጣች። አንዱም አልተሰበረም። ክፍቱን ደፍታ አጠበችው። ነጠላውን ዘፈዘፈችው። ደስ ሊላት ይገባ ነበር፤ ደስታውን ጠበቀችው፣ ባቡር እንደሚጠበቅ። አልመጣም።

ከዚያ ነው የገባት። ሰባት ወር ሙሉ በሪሁን ተቆጥቷት ነበር። ዱቄቱን በከፈተች ቁጥር፣ አንድ ትል ባየች ቁጥር፣ እሱ ነበር። ርቦት ይሁን ተቀይሟት፣ አንድ ነገር እየላከባት ነበር። እሷም ትመልስለት ነበር፤ በዚያ ወጥ ቤት ቁጭ ብላ ስታናግረው የነበረው እሱን ነው። አሁን ትሉ የቢራቢሮ ልጅ ነው። ከበሪሁን የመጣ ምንም ነገር አልነበረም። ከሚያዝያ 2012 ጀምሮ፣ አንድም ነገር።

የተከደነውን ጠርሙስ አልከፈተችውም። ፎቶግራፉ ሥር፣ ከነበረበት ቦታ መለሰችው። የሰኔ ፀሐይ በመስታወቱ አልፋ ዱቄቱ ላይ አረፈች። አረጋሽ ወንበር ስባ ተቀመጠችና አየችው። ነጭ ነበር። ምንም አይንቀሳቀስበትም።